በአውስትራሊያ የአመጋገብ ሕመም መርማሪዎች ስለ ማነሳቸው

የአመጋገብ ሕመም የሚባለው እህል ከማጣት ወይም ከጾም የሚመጣ አይደለም። ሰው ማዕድ ቀርቦለት ሳለ ውፍረትን ከመፍራት የተነሣ ራሱን የሚያስርብበት፣ ወይም ያለ ልክ በልቶ የሚያስመልስበት የአእምሮ ደዌ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእኛ በተማሪዎቹ ዕድሜ ሲሆን፣ ከአእምሮ ደዌዎች መካከል እጅግ ገዳይ ከሚባሉት ይቈጠራል።

እንዲህ ያለው ደዌ ብዙ መርማሪ ሊኖረው በተገባ ነበር። ነገር ግን በአውስትራሊያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 በወጣው ብሔራዊ የምርምር ዕቅድ እንደተገለጸው፣ የምርምሩ ገንዘብ ለበሽተኞቹ ቍጥር ሲካፈል ለአንዱ የደረሰው 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ያህል ነበር፤ ስኪዞፍሬንያ ለያዘው ሰው ግን 67 ዶላር ገደማ። «የባለጠጋ ልጆች ቅብጠት ነው» እየተባለ መናቁም ሳይጐዳው አልቀረም።

ገንዘብ ሲያንስ ወጣቱ ሐኪም ወደዚህ ጥናት አይገባም፤ የገባውም ውሉ ሲያልቅ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። መርማሪ ሲያንስ ደግሞ የገንዘብ ማመልከቻ የሚያቀርብ ይጠፋል፤ ማመልከቻ ካልቀረበም ገንዘብ አይመደብም።

በ2022 መንግሥቱ በሲድኒ ለሚቋቋም ብሔራዊ የምርምር ማዕከል 13 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ተበታትነው የሚሠሩትን መርማሪዎች ከሐኪሞችና ደዌውን በራሳቸው ካዩት ሰዎች ጋራ ማገናኘት ሥራው ነው። ሆኖም ገንዘብ ባንድ ቀን ይፈቀዳል፤ አንድ መርማሪ ግን ተምሮ እስኪወጣ ብዙ ዓመት ይፈጃል።