የአላባማ የምርጫ ክልሎች ሙግት

በአሜሪካ የአላባማ ግዛት ሕገ መንግሥት፥ ሕዝቡ በየ10 ዓመቱ በተቈጠረ ጊዜ የእንደራሴዎቹ ድልድል እንደ ነዋሪው ብዛት ይታደስ ዘንድ ቢያዝም፥ ሕግ አውጪዎቹ ግን በ1900 እ.ኤ.አ. ቈጠራ የተሠራውን ድልድል ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይነኩት ኖሩ። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ ድልድሉ ቢታደስ ወንበር የሚያጡት እነርሱው ነበሩና፥ በገዛ ፈቃዱ ከሥልጣን የሚወርድ ሹም ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ጥቂት ነው።

በዚህ መካከል ገጠሬው ወደ ፋብሪካ ከተሞች እየፈለሰ፥ በርሚንግሃም የምትገኝበት የጄፈርሰን አውራጃ ከ600,000 በላይ ነዋሪ ይዛ ለግዛቱ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አንድ እንደራሴ ብቻ ስትልክ፥ 15,417 ነዋሪ ያላት የላውንደስ አውራጃም እንዲሁ አንድ ትልክ ነበር። ያውም የላውንደስ ነዋሪ አብዛኛው ጥቁር ሲሆን፥ ከጥቁሮቹ መካከል በመራጭነት የተመዘገበ አንድ እንኳ ስላልነበረ፥ ይህ ሁሉ ክብደት የተቈለለው በጥቂት ነጮች ድምፅ ላይ ነበር።

ፍርድ ቤቶች የድልድልን አቤቱታ ነገሩ የፖለቲካ ነው እያሉ ሲሸሹት ከኖሩ በኋላ፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 ከቴኔሲ ግዛት በመጣ ክስ ለእንዲህ ያለው አቤቱታ በሩን ከፈተ፤ በ1964ም በአላባማው ሙግት፥ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን በጻፉት ፍርድ፥ የግዛት ሕግ አውጪ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሕዝብ ብዛት ልክ እንዲደለደሉ ተወሰነ። ዳኛ ሃርላን ብቻቸውን ተለዩ። ተከሳሾቹ፥ በዋሽንግተን ያለው የመወሰኛ ምክር ቤት ከየግዛቱ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁለት ሁለት እንደራሴ ይቀበል የለም ወይ ብለው ቢከራከሩም፥ አውራጃ እንደ ግዛት የራሱ ሉዓላዊነት ኖሮት አያውቅም ተብሎ ክርክራቸው ውድቅ ሆነ።