ዋልያዎቹ ግብፅን በሰው አገር ሜዳ ያሸነፉ ዕለት

ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 9 ቀን 2022። በዋሽንግተን አካባቢ ሐሙስ የሥራ ቀን ነው። እንደዚያም ሆኖ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ወንበር ጠፍቶ ነበር። የታክሲ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ገብቷል። የፓርኪንግ ሠራተኛው ተራውን ከባልደረባው ጋር ተለዋውጧል። ከሆስፒታል የሌሊት ሥራ የወጣችው እኅትም እንቅልፏን ትታ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ግን ያን ዕለት ጀበናውን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። የሁሉም ዓይን የተተከለው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ በሚካሄደው የኢትዮጵያና የግብፅ ጨዋታ ላይ ነበር።

ገና ከዕረፍት በፊት ዳዋ ሆቴሳ የመጀመሪያውን ግብ አገባ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ብዙም ሳይቆይ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ደገመ። ሽመልስ ለዓመታት እንጀራውን የበላው በግብፅ ክለቦች ውስጥ በመጫወት ነው። ስለዚህም ግቧ ለስደተኛው ተመልካች የተለየ ጣዕም ነበራት። ከዕረፍት በኋላ ግብፆች ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። ገና አራት ወር ቀደም ብሎ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ በሴኔጋል በፍጹም ቅጣት ምት የተረታችው ግብፅ፣ በኢትዮጵያ ተሸነፈች።

ጭፈራው ጋብ ሲል ግን የተለመደው ነገር መጣ፤ ክርክር።

አንድ ድል መሻሻል ነው ወይ?

ክርክሩን የጀመረው የታክሲ ሹፌሩ ነው። ቡድኑ እየተሻሻለ መሆኑን በጣቱ እየቆጠረ አስረዳ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ካሜሩን በተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ በመጀመሪያው ጨዋታ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በሁለተኛው በባለቤቷ በካሜሩን 4 ለ 1 ተረቱ። በሦስተኛው ግን ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። ጁን 5 ቀን በማላዊ 2 ለ 1 ቢሸነፉም ኳሱን ተቆጣጥረው ነበር ይላል። አራት ቀን ቆይተው ግብፅን ረቱ። ለእርሱ ይህ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ቡድን ነው። አሠልጣኝ ውበቱ አባተም ቢሆኑ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ለሻምፒዮንነት ሲያበቁ በአጭር ቅብብል የሚታወቅ ጨዋታ ያሳዩ ሰው ናቸው፤ ያንኑ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ አምጥተውታል ሲል ደመደመ።

የፓርኪንግ ሠራተኛው ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም።

«አንተ ደግሞ ቶሎ ትሞቃለህ! ሞሐመድ ሳላህ ባልገባበት ጨዋታ ግብፅን አሸነፍን ትለኛለህ። አሠልጣኛቸው ከመጣ ስንት ጊዜው ነው? ልጆቹስ የሊግ ውድድር አድክሟቸው አይደለም ወይ የመጡት?»

እውነት አለው። ሳላህ ተጎድቶ አልተሰለፈም። አሠልጣኙ ኢሃብ ጋላልም ሥራውን ከያዙ ሁለት ወር ያህላቸው ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግብፅ በወዳጅነት ጨዋታ በደቡብ ኮርያ 4 ለ 1 ስትሸነፍ ተሰናብተዋል። ይህን የሚያነሳ ሰው አንድ ድል የራስን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የባላጋራንም ድካም እንደሚያሳይ ማስታወሱ ነው።

በዚህ መሐል ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ሲናገሩ የሚያቋርጣቸው የለም። እርሳቸው ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 በአባታቸው እጅ ተይዘው አዲስ አበባ ስታዲየም የገቡ ናቸው። ያን ቀን በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

«ልጆቼ፣ ያኔም ግብፅ ደክማ ነው ያሉ ነበሩ» አሉ ጋሼ። «ዋንጫው ግን እኛ ዘንድ ቀረ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ዋንጫ አላየነውም።»

ያለፈው አሥር ዓመት ምን ይላል?

ጋሼ ካነሡት በኋላ ክርክሩ ወደ ኋላ ሄደ። መሻሻል የሚባለው ነገር ከዚህ በፊትም በዋልያዎቹ ቤት ታይቶ ነበርና።

በ2012 ሴፕቴምበር ወር ኢትዮጵያ ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ስትሸነፍ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን ግን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፈች። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። በሰው ሜዳ የገቡት ሦስት ግቦች አሳለፏት። ከ1982 ወዲህ፣ ማለትም ከ31 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ገባች። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ያ ቡድን በመጀመሪያ ጨዋታው በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ በ10 ሰው ከያኔዋ የዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ቀጥሎ ግን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ።

ከዚያ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው መጣ። ጁን 16 ቀን 2013 አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ባሸነፈ ጊዜ ሕዝቡ ወደ መጨረሻው ዙር አለፍን ብሎ በየመንገዱ ጨፈረ። በዚያው ዕለት ግን ፊፋ ምርመራ መጀመሩ ተሰማ። ከስምንት ቀን በፊት ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበትና መቀጣት የሚገባው ተጫዋች ተሰልፏል ተባለ። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ቦትስዋና 3 ለ 0 አሸናፊ ተደረገች። ልጆቹ በላባቸው ያመጡት ሦስት ነጥብ በወረቀት ሥራ ጉድለት ሄደ። ምድቡን የጨረሱት በሴፕቴምበር ወር መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ካሸነፉ በኋላ ነው። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ብራዚል ሄደች።

የታክሲ ሹፌሩ ይህን ሲሰማ፤ «ታዲያ ቡድኑ መች ደከመ? የደከመው ቢሮው ነው» አለ። የፓርኪንግ ሠራተኛውም በዚህ ነጥብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማው።

ባለቤት ሆኖ እንግዳ

እስካሁን ዝም ብላ ታዳምጥ የነበረችው ከሆስፒታል የመጣችው እኅት ነበረች። ስኒዋን አስቀምጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ለመሆኑ የሚቀጥለውን የሜዳችንን ጨዋታ የት ነው የምንጫወተው?»

መልስ የሰጠ አልነበረም። ጥያቄው ጨዋታውን ከሜዳ ወደ አገር ቤት ችግር መለሰው። የዕለቱ ጨዋታ በመርሐ ግብሩ የኢትዮጵያ የሜዳዋ ጨዋታ ነበር። ሆኖም በአገሪቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረ ሊሎንግዌ ላይ ተደረገ። ጁን 5 ቀን ዋልያዎቹ በቢንጉ ስታዲየም እንግዳ ሆነው በማላዊ ተሸነፉ። ጁን 9 ቀን በዚያው ስታዲየም ባለቤት ተብለው ግብፅን ተቀበሉ። በኪራይ ቤት ሠርግ እንደመደገስ ነው።

ይህ የሆነባት አገር ደግሞ ተራ አባል አይደለችም። በ1957 ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆና ኮንፌዴሬሽኑን የመሠረተች ናት። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ የመሩት ድርጅት ነው። የአፍሪካ ዋንጫን በ1962፣ በ1968 እና በ1976 ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። ከዚያ በኋላ ግን መስፈርቱ እየጠበቀ ሄደ። አሁን የሣሩ ዓይነት፣ የመልበሻ ክፍሉ፣ መብራቱ፣ የተመልካቹ መቀመጫ፣ የሕክምና ክፍሉና የጋዜጠኞች ቦታ ሁሉ ይመረመራል። ስታዲየም ሰፊ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ባሕር ዳር ለተወሰነ ጊዜ መጠጊያ ሆና ነበር። በኦክቶበር 2021 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተደረገው ጨዋታ በኋላ እርሷም ቀረች። በኖቬምበር ወር ዋልያዎቹ ጋናን «በሜዳቸው» የገጠሙት ጆሃንስበርግ ላይ ነው።

ሜዳ ማጣት ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ትልልቆቹን ድሎች መቁጠር ይበቃል። ሱዳን በ2012 የተሸነፈችው አዲስ አበባ ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካም በ2013 እንዲሁ። ኮትዲቯር በኖቬምበር 2019 2 ለ 1፣ ማዳጋስካር በማርች 2021 4 ለ 0 የተረቱት ባሕር ዳር ላይ ነው። በአገር ሜዳ ጩኸቱ አለ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ለእንግዳ ትንፋሽ ታሳጥራለች። የመግቢያ ገቢውም ለራስ ነው። በሰው አገር ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀርና በፋንታው የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የሜዳ ወጪ ይመጣል።

«እንግዲያው ድሉ የበለጠ ነዋ!» አለ የታክሲ ሹፌሩ። «ያለ ሜዳ፣ ያለ ደጋፊ ግብፅን ያሸነፈ ቡድን በሜዳው ቢሆን ምን ሊሠራ ነው?»

«እሱን ነው የምልህ» አለች እኅት። «ቢሆን ነው ያልከው።»

በስደት ላለ ሰው ይህ ነገር ቅርብ ነው። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየበጋው ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ውድድሩን የሚያካሂደው በሰው ስታዲየም ነው። ሜዳ ተከራይቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ከየግዛቱ የመጣውን ወገን ማስተናገድ ምን ያህል ጉልበትና ገንዘብ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይሁንና ስደተኛ ሜዳ ቢከራይ ያባት ነው። አገር ያለው ብሔራዊ ቡድን ሲከራይ ግን ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ አለበት። ጥያቄውም ለተጫዋቾቹ አይደለም።

ውርርዱ

ያን ምሽት ከመለያየታቸው በፊት የታክሲ ሹፌሩና የፓርኪንግ ሠራተኛው ተወራረዱ። ዋልያዎቹ ኮትዲቯር ለሚዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ካለፉ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ካላለፉ ሹፌሩ ለመላው ጠረጴዛ ክትፎ ሊጋብዝ። ጋሼ ዳኛ ሆኑ።

በማርች 2023 ኢትዮጵያ ከጊኒ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝታ ሁለቱንም ተሸነፈች። ከምድቡ ግብፅና ጊኒ አለፉ። ሊሎንግዌ ላይ በሁለት ግብ የተረታችው ግብፅ አንደኛ ሆና ጨረሰች። የጁን 9ኙ ድል በውጤት መዝገቡ ላይ ብቻውን ቀረ።

ሹፌሩ ቃሉን አከበረ። አንድ ቅዳሜ ማታ ሰዎቹ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ክትፎውም ከነአይቡና ከነጎመኑ መጣ። የፓርኪንግ ሠራተኛው አሸናፊ ነበርና መጀመሪያ እንዲያነሣ ተጋበዘ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ግን ዝም ብሎ ሳህኑን አየው።

«ብላ እንጂ፣ አሸንፈሃል» አለው ሹፌሩ።

«ምኑን አሸነፍኩ?» አለና አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ ተነሥቶ ለጋሼ አጎረሰ። ሂሳቡ ሲመጣም ግማሹን እርሱ ከፈለ።

ጋሼ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው ወደ እኅት ዞር አሉ። እርሷ ያን ዕለት ያቀረበችውን ጥያቄ አልረሱትም።

«የሚቀጥለው ማጣሪያ መቼ ነው?» አሉ። «የትስ ነው?»