የቨርሞንት የሸንጎ ቀን፤ ስለ ከተማ አገልግሎትና ስለ ቤተ ሰብ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ ግን ነገራችን ከቤት ደጃፍ ጥቂት ራቅ ይላል፤ ቢሆንም ከቤት ፈጽሞ የወጣ አይደለም። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አስከትለው፥ የሠሩትንም ወጥ በድስት እንደ ከደኑ ተሸክመው፥ የከተማቸውን የዓመት ወጪ ሊወስኑ ስለሚሄዱበት ቀን ለአንባብያን ልንነግር እንወዳለን።

አገሩ ቨርሞንት ይባላል። ከአሜሪካ ኅብረት ግዛቶች አንዱ ሲሆን፥ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከካናዳ ጋራ የሚዋሰን ተራራማና በረዶ የሚበዛበት አገር ነው። ወደ ኅብረቱ የገባው በ1791 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። በ2020 ሕዝቡ በተቈጠረ ጊዜ 643,077 ሰው ተገኘ። የመንግሥቱ መቀመጫ ሞንትፔልየር እንኳ ስምንት ሺህ ያህል ሰው ብቻ ስለሚኖርባት፥ ከአሜሪካ ግዛቶች ዋና ከተሞች ሁሉ በሕዝብ ቍጥር ታንሳለች። ከቀሩትም የሚበዙት ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሰው በታች የሚኖርባቸው ትንንሽ ከተሞች ናቸው። እነዚህን የሚያስተዳድር ከላይ የተላከ ሹም የለም። ሕዝቡ ራሱ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስቦ ሹማምንቱን ይመርጣል፤ ግብሩንም በራሱ ላይ ይቈርጣል።

ቀኑ በማርች ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው፤ ይኸውም በእኛ የካቲት ሊያልቅ ሲል የሚውለው ነው። ይህ ወራት ስለ ምን እንደ ተመረጠ የአገሩ ሰዎች ሲናገሩ፥ የገበሬው ሥራ ገና ሳይበዛ፥ መንገዱም በብርድ እንደ ጠነከረ ጭቃውን ለመቅደም ነው ይላሉ። የቨርሞንት ጭቃ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ከመንገዶቹ ከግማሽ የሚበልጡት እስከ ዛሬ ሬንጅ ያልፈሰሰባቸው ስለ ሆኑ፥ በረዶው ሲቀልጥ አውቶሞቢል እስከ ጐማው ይሰጥማል። ስለዚህ በሸንጎው ላይ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ቃል የሚነገርበት ጉዳይ የመንገድ ጉዳይ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

ሸንጎው በድንገት አይጠራም። ከቀኑ በፊት ከሠላሳ ቀን ባላነሰ፥ ከአርባ ቀንም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ሁሉ በተራ ተጽፎ በአደባባይ ይለጠፋል፤ በዚያ ማስታወቂያ ያልተጻፈ ነገር በዚያ ቀን ሊጸና አይችልም። ከመራጮቹ ከመቶው አምስት እጅ የሚሆኑት በፊርማቸው ከጠየቁ ግን የሚሹትን ጉዳይ ያስገባሉ። ደግሞም የከተማው የዓመት መጽሐፍ ከሸንጎው አስቀድሞ ለሕዝቡ ይታደላል። ይህ መጽሐፍ በብዙ ከተሞች ለረዥም ዘመን ላገለገለ ሰው መታሰቢያ ተደርጎ የዚያ ሰው ፎቶግራፍ በመጀመሪያው ገጽ ይወጣል፤ ከዚያም ለጠጠርና ለበረዶ መጥረጊያ ስንት ብር እንደ ወጣ ይገልጻል፤ በዓመቱ የተወለዱትን፣ የተጋቡትንና የሞቱትንም ይቈጥራል። ልጅ ስሙን ከመንገዱ ሒሳብ ጋራ በአንድ መጽሐፍ ታትሞ ሲያገኝ ከተማው የእርሱም መሆኑን ያለ መምህር ይረዳል። በአንዳንድ ከተማ ግን ግብር ያልከፈሉ ሰዎች ስም አብሮ ይታተማል፤ ልጆች በሚያነቡት መጽሐፍ ይህ ባይገባ እኛ በወደድን ነበር።

በቀኑ ሰዎች በከተማው አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤቱ ይሰበሰባሉ። ከሁሉ አስቀድሞ አፈ ጉባኤ ይመርጣሉ። አፈ ጉባኤው ሹም አይደለም፤ ሥልጣኑ ንግግሩን በሥርዓት ለማስኬድ ብቻ ነው። ተናጋሪው ቃሉን ለእርሱ ይናገራል እንጂ ወደ ተቃዋሚው ዞሮ አይናገርም፤ በዚህም ዘዴ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ ፊት ለፊት ሳይዘላለፍ ይከራከራል። ለድምፁ «እሺ» የሚሉትና «እንቢ» የሚሉት ባንድነት ይጮኻሉ። አንድ ሰው እንኳ ውጤቱን ቢጠራጠር አፈ ጉባኤው ሕዝቡን ከፍሎ ያስቈጥራል፤ ሰባት ሰዎች ከጠየቁ ደግሞ በምስጢር ወረቀት እንዲሰጥ ግድ ነው። ድሀው ሰው ባለጠጋ ጎረቤቱን ወይም አሠሪውን ፈርቶ እንዳይሸማቀቅ ይህች የሰባት ሰዎች ሕግ ትልቅ መጠጊያ ናት።

የንግግሩን ሥርዓት የሚወስዱት ብዙውን ጊዜ ሄንሪ ማርቲን ሮበርት ከሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ መጽሐፍ ነው። ይህ መኰንን በ1863 በማሳቹሴትስ አገር በኒው ቤድፎርድ ሳለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ ሳያስበው ተጠርቶ እንዴት እንደሚመራ ስላላወቀ እጅግ አፈረ። ከዚያ በኋላ ሳያጠና ስብሰባ እንዳይገባ ለራሱ ቈርጦ፥ በ1876 የስብሰባን ሥርዓት የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። አንድ የጦር ሰው ያፈረባት አንዲት ማታ ለስንት ሺህ ስብሰባ ሥርዓት እንደ ሰጠች መገመት ያስደስታል።

ቀትር ሲሆን ንግግሩ ይቋረጥና ከየቤቱ የመጣው ምግብ በረዥም ገበታ ይቀርባል። ጧት በመንገድ ወጪ የተከራከሩት ሁለቱ ከአንድ ድስት ይቀዳሉ። ይህች ገበታ ለሸንጎው ምን ያህል እንደምትጠቅም የሚያውቁ የአገሩ ሰዎች ምሳው የቀረ ዕለት ሸንጎውም አብሮ ይቀራል እስከ ማለት ይደርሳሉ።

ነገር ግን ይህን ገበታ የሚያሰናዱት ሴቶች ብዙ ዘመን በሸንጎው ድምፅ አልነበራቸውም። በ1852 በብራትልቦሮ ከተማ ጋዜጣ ታዘጋጅ የነበረችው ክላሪና ሃዋርድ ኒኮልስ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ቀርባ፥ ሴቶች ቢያንስ በትምህርት ቤት ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጡ ለመነች። ልጆቹን የምታሳድገው እናት ስለ ትምህርት ቤታቸው አትናገር ማለት ለማንም ሰው የሚገባ ነገር አይመስለንም፤ ምክር ቤቱ ግን ልመናዋን አልተቀበለም። ግብር የሚከፍሉ ሴቶች በትምህርት ቤት ጉዳይ ድምፅ ያገኙት በ1880 ነው፤ በከተማው ጉዳይ ሁሉ ደግሞ በ1917 ነው። ከመጀመሪያው ልመና እስከ መጨረሻው ፈቃድ ስድሳ አምስት ዓመት አለፈ።

ሥዕል የሚወድ አንባቢ ይህን ሸንጎ ሳያውቀው አይቶት ይሆናል። ኖርማን ሮክዌል የተባለው ሠዓሊ በቨርሞንት በአርሊንግተን ከተማ ይኖር ነበር። ትምህርት ቤቱ ተቃጥሎ ሌላ ይሠራ በተባለ ጊዜ አንድ ገበሬ ጎረቤቱ ከሸንጎው መካከል ብቻውን ተነሥቶ ተቃወመ። የተስማማው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን እስኪጨርስ ድረስ ሁሉ ዝም ብሎ ሰማው። ሮክዌል ይህን አስታውሶ የመናገር ነጻነት የሚባለውን ሥዕል ሠራ፤ በፌብሩዋሪ ወር 1943 በመጽሔት ታትሞ ወጣ። ሥዕሉን ስናየው ዓይናችን የሚያርፈው ጃኬቱ ባረጀው ተናጋሪ ላይ ብቻ ሳይሆን፥ ቀና ብለው በሚሰሙት ከረባት ባሰሩት ሽማግሌዎች ላይም ነው። የሰውየው ድፍረት የእነዚህ ሰሚዎች ትዕግሥት ባይታከልበት ኖሮ ከንቱ በቀረ ነበር።

የሸንጎው ቀን ግን አንድ ቀን ነው፤ የቀረውን ዓመት ሥራውን የሚሠራ ማን ነው? የከተማውን ጉዳይ የሚመሩ ሦስት ወይም አምስት ሰዎች ይመረጣሉ። የቤትና የመሬት ዋጋ ገማቾች፣ ሒሳብ መርማሪዎች፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚያገኙት አበል ትንሽ ነው፤ በየኮሚቴው የሚያገለግሉት ደግሞ ምንም አያገኙም። በድንበር ለሚጣሉ ባለርስቶች የሚፈርዱ ሦስት አጥር ተመልካቾች መሾም የቈየ ልማድ ነው። እሳት የሚያጠፉት የሚበዙት በፈቃዳቸው የገቡ ሰዎች ናቸው፤ መጥሪያው ሲጮኽ አናጢው መዶሻውን፥ አባትም ማዕዱን ትቶ ይሮጣል። ሚስቱም በሩን ከፍታ ትጠብቀዋለች፤ የእርስዋ ሌሊት ግን በዓመቱ መጽሐፍ አይጻፍም።

በዚያ አገር በቀድሞ ዘመን አዲስ ያገባ ጎልማሳ በሚቀጥለው ሸንጎ ከአጥር ያመለጡ ዐሣሞችን የሚይዝ ሹም ሆኖ እንዲመረጥ ልማድ ነበር። ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን የተባለው ታላቅ ጸሐፊ እንኳ በማሳቹሴትስ በኮንኮርድ ከተማ ባገባ ጊዜ ይህ ሹመት ደርሶታል። ሳቅ እንደ ነበረበት አይጠረጠርም፤ ነገር ግን ከሳቁ በስተ ኋላ፥ ጎጆ የወጣ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎረቤቱን ሰብል መጠበቅ ይገባዋል የሚል አሳብ አለበት። እኛም አገር ቤት ሲሠራ ወይም እህል ሲታጨድ ደቦ እንደሚጠራ፥ ቀባሪም እንዳይጠፋ ዕድር እንደሚቋቋም አንባቢ ያስታውስ። የእነርሱ ልዩነት ይህ መተጋገዝ በሕግ ተጽፎ ግብር የመጣል ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው።

ይህ ልማድ በክፉ ቀን ተፈትኗል። ኦገስት 28 ቀን 2011 አይሪን የተባለው ማዕበል ቨርሞንትን መታ፤ ወንዞቹ መንገዱንና ድልድዩን ወሰዱ። እንደ ሮቸስተርና እንደ ፒትስፊልድ ያሉ ዐሥራ ሦስት ከተሞች ከዓለም ተቈረጡ፤ ምግብና ውሃ በሄሊኮፕተር ደረሰላቸው። ነገር ግን ሰዎቹ ረዳት እስኪመጣ እጃቸውን አጣምረው አልተቀመጡም። መቈፈሪያ መኪና ያለው መኪናውን አውጥቶ መንገድ ጠረገ፤ ማቀዝቀዣው የጠፋበት ሥጋውን ሳይበላሽ ለሰፈሩ አበሰለ፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሽማግሌ የት እንዳለ ጎረቤት ለጎረቤት አስታወቀ። በየቤቱ ማን እንዳለና ማን ምን መሥራት እንደሚችል ለማወቅ መዝገብ አላስፈለጋቸውም፤ በየዓመቱ በአንድ አዳራሽ ሲተያዩ ኖረዋልና።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር ደረስን። ፍራንክ ብራያን የተባሉ የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ከ1970 እስከ 1998 ተማሪዎቻቸውን እየላኩ ከአንድ ሺህ አራት መቶ የሚበልጡ ሸንጎዎችን አስመረመሩ፤ በ2004ም በመጽሐፍ አወጡት። ከተመዘገበው መራጭ በአማካይ የሚገኘው ከአምስት ሰው አንድ ያህል ብቻ ነበር። ከተማው ባነሰ መጠን የሚገኘው ሰው ድርሻ ይበዛል፤ ከተማው ሲያድግ ግን እያንዳንዱ «እኔ ብቀር ማን ይጐዳል» እያለ ይቀራል። በየከተማው የሒሳብ መርማሪነትና የዋጋ ገማችነት ቦታ የሚይዝ ሰው እየጠፋ ስለ ሄደ፥ ከተሞች እነዚህን ሹመቶች በድምፅ ሽረው ባለሙያ በደመወዝ እንዲቀጥሩ ሕግ ፈቅዶላቸዋል። ብዙ ከተሞችም ሰብሰብ ብሎ መነጋገርን ትተው፥ ቀኑን ሙሉ በተከፈተ ቤት ወረቀት መጣልን መርጠዋል። በ2021 በተላላፊው በሽታ ምክንያት መሰብሰብ አስጊ በሆነ ጊዜ ሕጉ ሁሉም በወረቀት እንዲወስኑ ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አዳራሹ ያልተመለሱ አሉ።

ስለዚህ ነገር ክርክሩ ከባድ ነው፤ እኛም ፈጥነን ለመፍረድ አንደፍርም። በማክሰኞ ቀን በሆስፒታል ተረኛ የሆነች አስታማሚ፥ ሕፃን የታቀፈች እናት፥ ርቆ የሚሠራ አባት በአዳራሹ ሊቀመጡ አይችሉም፤ በወረቀቱ ግን ድምፃቸው ይቈጠራል። ወረቀት የሚጥለው ሰው በሸንጎ ከሚቀመጠው እንደሚበዛም የታወቀ ነው። ድምፅ የሌለውን ሰው ቸል ብሎ ስለ ቀድሞው ልማድ ማልቀስ፥ ትናንት ሴቶቹን ወደ ምድጃ የመለሱትን ሰዎች መምሰል ይሆናል። በሌላው በኩል ግን ወረቀት «እሺ» ወይም «እንቢ» ብቻ ያውቃል። «ለመኪናው የተጠየቀው በዝቷል፥ ጥቂት ቀንሰን ድልድዩን እንጠግንበት» ብሎ አሳብ የሚያሻሽል ሰው፥ በሌላው ሰው ቃል ተረትቶ አሳቡን የሚለውጥ ሰው የሚገኘው በአዳራሹ ብቻ ነው። እንደ እኛ አስተያየት ከሆነ፥ አዳራሹን ከመዝጋት ይልቅ ሸንጎውን ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ ማታ ማዛወር፥ ለሕፃናትም ሞግዚት ማዘጋጀት ይሻላል፤ ይህንንም ያደረጉ ከተሞች አሉ። ሥራውን ከቤተ ሰብ ሰዓት ጋራ ማስማማት ከተቻለ ቤተ ሰቡ ይመጣል።

ሸንጎው ወደ ማለቁ ሲቃረብ አፈ ጉባኤው የመጨረሻውን ተራ ያነባል፤ ይኸውም ማንም ሰው የፈለገውን የሚናገርበት፥ ነገር ግን የሚጸና ውሳኔ የማይሰጥበት ተራ ነው። በዚያ ሰዓት ምሳውን ላዘጋጁት ጭብጨባ ይሰጣል፤ ሥራውን ለሚተው ሽማግሌም ምስጋና ይቀርባል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሰው ያልተገኘለት አንድ ቦታ ይቀራል፤ «ለዚህ ቦታ ፈቃደኛ የሆነ አለን?» ተብሎ ይጠየቃል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ባል ሚስቱን ያያል፥ ሚስት ባልዋን ታያለች፤ ማታ ማታ ልጆቹን ማን እንደሚያስተኛ፥ በበጋ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ በዓይን ይመካከራሉ። አንዳንድ ዓመት ከሁለት አንዳቸው እጃቸውን ያነሣሉ፤ አንዳንድ ዓመትም ማንም ሳያነሣ ልጆች ወንበሮቹን ማጠፍ ይጀምራሉ።