ስለ ሕንፃ ደንብ መታደስና ስለ ተቆጣጣሪዎች መሠልጠን
በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ

የጎንደርን ስም የሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ግንቡን ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተጀመረው የድንጋይና የኖራ ሥራ ብዙ ክረምትና ብዙ ጦርነት አልፎበት ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ግንብ የሠሩት ሰዎች በወረቀት የታተመ የሕንፃ ደንብ አልነበራቸውም። ደንቡ በግንበኞች አለቃ አእምሮ ውስጥ ነበረ። ድንጋዩን የሚመርጥ፣ የኖራውን አቦካክ የሚያይ፣ የግድግዳውን ውፍረት የሚወስን እርሱ ስለ ነበረ፣ ሠሪውና ተቆጣጣሪው አንድ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሲሠራ ገንዘቡን የሚያወጣው አንድ ሰው፣ ፕላኑን የሚነድፈው ሌላ፣ ብረቱን የሚያስረው ሌላ፣ አርማታውን የሚሞላው ሌላ፣ በመጨረሻም ገብቶ የሚኖርበት ሌላ ነው። ነዋሪው በምሰሶው ውስጥ ምን ያህል ብረት እንዳለ ለማየት አይችልም። ስለዚህ በእርሱ ፈንታ ሆኖ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው የዚህን ሰው ነገር ነው፤ ይኸውም የሕንፃ ደንብ በታደሰ ቁጥር ፕላን መርማሪውና የግንባታ ተቆጣጣሪው አብረው በትምህርት ካልታደሱ፣ አዲሱ ደንብ ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ምሰሶው ሊገባ አይችልም።

፩. ሁለቱ ሠራተኞች

በአገራችን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጣ፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 243 ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ተከተለው። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። በምድብ ‹ሀ› አነስተኛ ቤቶችን፣ በምድብ ‹ለ› ከዚያ ከፍ ያሉትን ወይም በምሰሶዎቻቸው መካከል ከ7 ሜትር የሚበልጥ ርቀት ያላቸውን፣ በምድብ ‹ሐ› የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያላቸውን አስቀመጠ። ፈቃድ የሚሰጠውንና ሥራውን የሚከታተለውን ባለ ሥልጣን «የሕንፃ ሹም» አለው። ነገር ግን በሹሙ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንዳሉ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም።

የመጀመሪያው የፕላን መርማሪ ሥራ ነው። ይህ ሰው የሚሠራው በጠረጴዛ ላይ ነው። የቀረበው ሥሌት የተነሣበት ጭነት ትክክል መሆኑን፣ ቢሙና ምሰሶው ለጭነቱ መብቃቱን፣ እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት ደረጃ መኖሩን ይመረምራል። ሁለተኛው የግንባታ ተቆጣጣሪ ሥራ ነው። እርሱ የሚሠራው በአቧራው መካከል ነው። የመሠረቱን ጥልቀት ይለካል፤ ፌሮው በፕላኑ በተጻፈው ውፍረትና ቁጥር መታሰሩን ይቆጥራል፤ አሸዋው ከአፈር የጸዳ መሆኑን በእጁ አሽቶ ያያል፤ በሲሚንቶው ላይ የሚጨመረውን ውሃ ይከታተላል።

ሁለቱ አንዱ ለሌላው ዐይን ናቸው። መርማሪው ስሕተቱን ሳያይ ቢያሳልፈው ተቆጣጣሪው ያንኑ ስሕተት በታማኝነት ያስፈጽመዋል። ተቆጣጣሪው ባይደርስ ደግሞ ትክክለኛው ፕላን ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በጊዜው መድረስ ነው። አርማታው ከተሞላ በኋላ የመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ለስላሳ ግራጫ ገጽ ብቻ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

፪. ደንብ ሲታደስ ምን ይለወጣል?

በኢትዮጵያ የሕንፃ ሥራ ኮድ ከጊዜ ወደ ጊዜ ታድሷል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣውን በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ተካው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአውሮፓ ኮዶች የተወሰደ አዲስ ደረጃ ወጣ። አንባቢ «ይህ የመጽሐፍ ሽፋን መለወጥ ነው» ብሎ እንዳያስብ አንድ ምሳሌ እንስጥ።

በ1995ቱ ኮድ የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል የሚሰላው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ በሚገመት መናወጥ ነበር። በ2015ቱ ግን በ475 ዓመት አንድ ጊዜ በሚገመተው ሆነ። አንድ ሕንፃ 50 ዓመት ያገለግላል ብንል፣ በዕድሜው የመጀመሪያውን ዐይነት መናወጥ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ወደ 40 ይጠጋል፤ ሁለተኛውን የማግኘት ዕድሉ ግን ከመቶ 10 ነው። እንግዲህ አዲሱ ኮድ ሕንፃው የበለጠ ብርቱ ለሆነና ብዙ ጊዜ ለማይደርስ ኃይል እንዲዘጋጅ ያስገድዳል ማለት ነው። በአሮጌው ቁጥር የተሠራ ሥሌት በአዲሱ ዘመን ቢቀርብለትና መርማሪው ልዩነቱን ባያውቀው፣ ሁሉም ነገር በትክክል የተደመረና የተባዛ ሆኖ ያገኘዋል፤ ማኅተሙንም ያሳርፍበታል። ስሕተቱ በድምሩ ውስጥ ሳይሆን በመነሻው ውስጥ ነውና።

ጎንደር ከስምጥ ሸለቆው ዳር የራቀች ስለ ሆነች ይህ አይመለከታትም የሚል ሊኖር ይችላል። በእርግጥ ኮዱ ለየሥፍራው የሚሰጠው ቁጥር አንድ አይደለም። ሆኖም በዚሁ በአማራ ምድር በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መናወጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የተደጋገመው መናወጥም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ከዚህም በላይ ለመሬት መንቀጥቀጥ ተብሎ የሚደረገው ጥንቃቄ ሕንፃውን በሌላም ነገር ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ነገር በከተማው በመሠራት ላይ ካሉት ሕንፃዎች አንዱን በጐበኘን ጊዜ የታዘብነውን እንናገር። የምሰሶውን ቋሚ ብረቶች ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት ስታፋ ይባላል። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ፣ ሕንፃው ሲናወጥና ውጪኛው አርማታ ሲረግፍ ይፈታል፤ ቋሚዎቹ ብረቶችም ወደ ውጭ ይጎብጣሉ። በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ግን ጫፉ በምሰሶው እምብርት ተቀብሮ ስለሚቀር አይፈታም። በዕድሜ የገፉ አንድ ፌራዮ በ90 ዲግሪ ሲያጥፉ አየንና ጠየቅናቸው። ሥራውን ሲማሩ የታዩት እንዲህ መሆኑን፣ ከዚያም ወዲህ ሌላ ያሳያቸው ሰው አለመኖሩን ነገሩን። ምክንያቱን ስናስረዳቸው ያለ ምንም ክርክር አንዱን ስታፋ አጥፈው «እንዲህ ነው?» አሉን። የጎደለው ሥራ ወዳድነት አልነበረም፤ የሚያሳይ ሰው ነበር እንጂ።

፫. የደጋው ነገር

ከጎንደር ወደ ሰሜን በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ስንወጣ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ብዙ ሰው አርማታ የሚጠነክረው በመድረቅ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በኬሚካል ሲዋሐድ ነው፤ ይህ መዋሐድ በብርድ ጊዜ እየዘገየ ይሄዳል። ያልጠነከረ አርማታ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ከተለወጠ ደግሞ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በደጋው ግንባታ የሚበዛው ዝናብ በሌለበት በበጋ ነው፤ የሌሊቱ ውርጭ የሚበረታውም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ በቆላ የሶሌታ ድጋፍ እንጨት የሚነሣበትን ቀን ቆጥሮ በደባርቅም በዚያው ቀን ማስነሣት አደገኛ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ማወቅ አለበት።

ከጎንደር ወደ ደቡብ በአዘዞና በደንቢያ ሜዳ በኩል ደግሞ ችግሩ ከመሬቱ ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ ጥልቀት ሳይኖረው የተጣለ መሠረት በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ግድግዳውም ከመስኮቱ ማእዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል። አንድ ኮድ ለአገር ሁሉ ይጻፋል፤ ውርጩንና ዋልካውን የሚያውቅ ግን በሥፍራው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

፬. የ2012 ዓ.ም. ጥምቀት

ይህ ሁሉ የወረቀት ክርክር እንዳልሆነ ጎንደር በኀዘን ታውቀዋለች። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ በተመዘገበ በሁለተኛው ወር፣ በፋሲለደስ መጠመቂያ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት ርብራብ ፈርሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሲሞቱ ከ100 በላይ ቆሰሉ። ይህን የምናነሣው ማንንም ጥፋተኛ ለማድረግ አይደለም፤ ለትምህርት ያህል ነው።

ሕንፃ ሲባል ብዙዎቻችን ድንጋይና አርማታ እናስባለን። የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ግን ሕንፃን ሲተረጉም ጊዜያዊ ግንባታንም ጨምሮ ነበር። እንዲያውም ሕዝብ የሚቆምበት ርብራብ ከመኖሪያ ቤት ይልቅ ብርቱ መሆን አለበት። በኮዱ መሠረት የመኖሪያ ቤት ወለል በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ግራም ጭነት እንዲችል ሲሰላ፣ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚቆምበት ሥፍራ ወደ 500 ኪሎ ግራም መቻል አለበት። በዚህም ላይ ሰው ሲዘምርና ሲያሸበሽብ ርብራቡ ወደ ጎን ይገፋል፤ ቋሚ እንጨቶቹን በሰያፍ የሚያያይዝ ማሰሪያ ከሌለ ቋሚው ቢወፍርም እንኳ አይጠቅምም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአረርቲ በመሠራት ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ ይኸው ነገር እንደ ገና ታሰበን። ሰያፉን ፈልጎ የሚያይ፣ ሰውም ከመውጣቱ በፊት «ቆዩ» የሚል የሠለጠነ ዐይን ዋጋው ስንት ነው?

፭. ምን ዐይነት ሥልጠና?

ጎንደር በዚህ ነገር አዲስ ጀማሪ አይደለችም። በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ ከወጡት መካከል ሳኒተሪያን የሚባሉት ሥራቸው የውሃ ጉድጓዱን፣ መጸዳጃ ቤቱንና መኖሪያውን እየዞሩ ማየት ነበር። በሽተኛ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ በሽታው ወደሚነሣበት ቤት ሄዱ እንጂ። የሕንፃ ተቆጣጣሪም እንዲሁ የሕንፃ ሳኒተሪያን ነው።

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮችን እናመለክታለን። አንደኛ፣ አዲስ ኮድ በወጣ ጊዜ ከአሮጌው የተለወጠው ነገር ብቻ ተለይቶ በአማርኛ በአጭሩ ይጻፍ፤ ለመርማሪዎችም በቁጥር ምሳሌ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የመርማሪና የተቆጣጣሪ ፈተና ይለያይ። በአሜሪካ ኮዶቹ በየሦስት ዓመቱ ስለሚታደሱ ለሁለቱ ሥራዎች ልዩ ልዩ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ምስክር ወረቀቱም የሚታደሰው ትምህርት በመቀጠል ነው። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ግማሹ በግንባታ ሥፍራ ይሁን፤ ስታፋ በሰሌዳ ላይ አይታጠፍምና። አራተኛ፣ ፌራዮውና ግንበኛው ከትምህርቱ አይለዩ።

«ደንቡ ራሱ ይበቃል፤ የሥልጠና ወጪ ምን ያደርጋል?» ለሚለን የቱርክን ነገር እንጠቅሳለን። ቱርክ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንቧን በ1998፣ በ2007 እና በ2018 እ.ኤ.አ. አድሳ ነበር። ሆኖም ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰባት መናወጥ ከ50,000 በላይ ሰዎች ሞቱባት፤ ከወደቁት ሕንፃዎች መካከልም ጥሩ ደንብ እያለ ያለ በቂ ቁጥጥር የተሠሩ ነበሩባቸው።

የጎንደር ግንብ አለቃ ዕውቀቱን በራሱ ይዞ ከድንጋዩ አጠገብ ይውል ነበር። እኛ ዕውቀቱን ከእርሱ ወስደን በመጽሐፍ አድርገነዋል፤ ይህም መልካም ነው። አሁን የቀረን መጽሐፉን በሚገባ ያነበበ ሰው እንደ ገና ከድንጋዩ አጠገብ ማቆም ነው።