በጋላክሲዎች እምብርት ምን አለ?

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በመስከረም አጋማሽ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከከተማ መብራት ርቀን ወደ ደቡብ ብንመለከት፣ ነጣ ያለ የብርሃን መቀነት ሰማዩን አቋርጦ እናያለን። ይህ የምንኖርበት ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ ነው። መቀነቱ ሰፍቶ በሚደምቅበት፣ ሊቃውንቶቻችን ቀውስ በሚሉት የሳጂታሪየስ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ፣ 27 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የጋላክሲያችን እምብርት ይገኛል። (ምሽቱን ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው በሐምሌ ነበር፤ ያኔ ግን ደመናው አይፈቅድልንም።) እምብርቱን ራሱን በዓይን ማየት አንችልም፤ በመካከል ያለው አቧራ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል።

የሬዲዮ ሞገድና ኢንፍራሬድ ብርሃን ግን አቧራውን ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሊክና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያው ስፍራ የሚመጣ እጅግ ጠባብ የሬዲዮ ምንጭ አገኙ፤ በኋላ ሳጂታሪየስ ኤ ስታር ተባለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ራይንሃርድ ጌንዝል በቺሊ፣ አንድሪያ ጌዝ ደግሞ በሃዋይ በሚገኙ ቴሌስኮፖች በምንጩ ዙሪያ ያሉትን ከዋክብት ዓመት ከዓመት ተከታተሉ። ኤስ 2 የተባለው ኮከብ ዙሩን የሚጨርሰው በ16 ዓመት ነው። የምህዋሩ አማካይ ስፋት ከመሬትና ከፀሐይ ርቀት 1000 እጥፍ ያህል ነው።

እዚህ ላይ እርሳስ እናንሳ። በክፍል የተማርነው የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ፣ ርቀቱን በመሬትና በፀሐይ ርቀት፣ ጊዜውን በዓመት ከለካን፣ የርቀቱ ኪዩብ ለጊዜው ስኩዌር ሲካፈል የማዕከሉን መጠነ ቁስ በፀሐይ ልክ ይሰጠናል። 1000 ኪዩብ ለ16 ስኩዌር ሲካፈል 3.9 ሚሊዮን ገደማ ነው! ጥንቃቄ የተሞላበት ልኬት 4.3 ሚሊዮን ፀሐይ ይላል። ኮከቡ በ2018 ወደ ማዕከሉ እጅግ ሲቀርብ በሰከንድ ከ7600 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥን ነበር፤ ሆኖም ከምንም ጋር አልተጋጨም። ይህን ያህል ቁስ በዚያ ጠባብ ስፍራ፣ ያለ ብርሃን፣ ሊሆን የሚችለው ጥቁር ጉድጓድ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2020 ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ፤ በ2022ም የጉድጓዱን ጥላ የሚያሳይ ምስል ታተመ።

የእኛው ጥቁር ጉድጓድ ግን ጭምት ነው። በጋላክሲ ክምችቶች እምብርት ያሉት እንዲህ አይደሉም። በቨርጎ ክምችት መካከል ያለው የኤም 87 ጉድጓድ 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ ይመዝናል፤ ከእርሱ የሚወነጨፈውን ቀጥ ያለ ጨረር ሂበር ከርቲስ ገና በ1918 ተመልክቶት ነበር።

ይበልጥ የሚያስደንቀን የፐርሲየስ ክምችት ነው። በጋላክሲዎቹ መካከል ያለው ስፍራ ባዶ አይደለም፤ በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ ሞልቶታል፤ መጠነ ቁሱም ከክምችቱ ከዋክብት ሁሉ ድምር ይበልጣል። ጋዙ በኤክስሬይ እያበራ ሙቀቱን ያጣል። ስለዚህ በእምብርቱ ቀዝቅዞ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ፀሐዮችን መውለድ ነበረበት። ነገር ግን በ1999 የመጠቁት ቻንድራና ኤክስ ኤም ኤም ኒውተን የተባሉት መንኮራኩሮች የተጠበቀውን ያህል ቀዝቃዛ ጋዝ አላገኙም። ታዲያ ምድጃውን የሚያነደው ማን ነው?

የቻንድራ ምስሎች ፍንጩን ሰጡ። በማዕከላዊው ጋላክሲ ግራና ቀኝ ጋዙን ገፍተው የወጡ ግዙፍ አረፋዎች ይታያሉ፤ የነፋቸውም የጥቁር ጉድጓዱ ጨረር ነው። በ2003 ደግሞ ከአረፋዎቹ ባሻገር፣ ድንጋይ በተወረወረበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው ያለ ሞገድ ተገኘ። በጋዝ ውስጥ የሚጓዝ የግፊት ሞገድ ድምፅ ነውና፣ «በኅዋ ድምፅ የለም» የሚለው የመማሪያ ክፍል አባባል እዚህ አይሠራም። የአንዱ ሞገድ ጊዜ 9.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ ከፒያኖ መካከለኛ ዶ በ57 ኦክታቭ ዝቅ ይላል።

ከሥርዓተ ፀሐያችን ብዙም የማይሰፋ አካል እንዴት በመቶ ሺዎች የብርሃን ዓመት የተንጣለለ ጋዝ ያሞቃል? ክርክሩ አልተቋጨም። በ2016 ሂቶሚ የተባለችው የጃፓን መንኮራኩር የፐርሲየስን ጋዝ ንውጥውጥታ ለክታ በሰከንድ 164 ኪሎ ሜትር ገደማ አገኘች፤ ከተገመተው የረጋ ነበር። እንዲህ የዘገመ ንውጥውጥታ ሙቀቱን ሩቅ ማድረስ ስለሚያዳግተው፣ አንዳንዶች ሥራውን ለድምፅ ሞገዱ ይሰጣሉ። ሂቶሚ ግን በመጠቀች በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፋች። ተተኪዋ ክሪዝም በ2023 መጥቃ፣ ፊቷን እንደገና ወደ ፐርሲየስ አዙራለች።