ከክርያት አታ በባቡር ወደ ሥራ፦ ውል ከመፈረም በፊት የሰንበቱን ሰሌዳ እንወቅ

ክርያት አታ ከተማ ውስጥ የባቡር ጣቢያ የለም። ቢሆንም ከከተማችን ጥቂት ራቅ ብለው ሦስት ጣቢያዎች ይገኛሉ፦ ሜርካዚት ሃሚፍራጽ፣ ክርያት ሃይምና ክርያት ሞጽኪን። ከእነዚህ ጣቢያዎች ተነስቶ ሃይፋ፣ አኮ፣ ናሃሪያ፣ ካርሚኤል፣ አፉላ ወይም ቴልአቪቭ ድረስ መሥራት ይቻላል። ለሥራ ፈላጊ ወላጆችና ለልጆቻቸው ይህ ትልቅ በር ነው። ነገር ግን በሩ አርብ ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ የሚከፈተው ቅዳሜ ማታ ነው። ይህን ሳያጣሩ ሥራ የተቀበሉ ሰዎች የቀን ደመወዛቸውን ለታክሲ ሲከፍሉ ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ባቡሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሳምንቱ መጨረሻ ሰሌዳ ምን እንደሚመስልና አሠሪውን ምን መጠየቅ እንደሚገባ እናብራራለን።

ቀድሞ ክርያት አታ ሥራው ቤቱ ድረስ የመጣለት ከተማ ነበር። በ1934 የተከፈተው የአታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የከተማውን ሰው ሲያሠራ ቆይቶ በ1985 ተዘጋ። የሙሴ ዘመቻ የተጠናቀቀውም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። እንግዲህ አብዛኞቻችን ወደዚህ አገር ስንገባ በእግር የሚኬድበት ያ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም ማለት ነው። ዛሬ ሥራው ያለው በሃይፋ ሆስፒታሎች፣ በወደቡ፣ በማታም የቴክኖሎጂ ማዕከል፣ በዮክነዓምና ከዚያም ራቅ ባሉ ቦታዎች ነው። መጓጓዣው የሥራው አንድ ክፍል ሆኗል።

የትኛው ጣቢያ ይሻላል?

ከክርያት አታ የሚነሳው የሜትሮኒት 2ኛ መስመር በሜርካዚት ሃሚፍራጽ በኩል አልፎ ባት ጋሊም ይደርሳል። ስለዚህ ለብዙዎቻችን ቀላሉ መንገድ በሜትሮኒት ሜርካዚት ሃሚፍራጽ ወርዶ እዚያው ባቡር መያዝ ነው። ከዚሁ ቦታ በ2022 የተከፈተው የራኬቫሊት መስመርም ወደ ቴክኒዮንና ወደ ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ይወጣል። ልጆቻቸው እዚያ የሚማሩ ወይም እዚያ ሥራ ያገኙ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ከሜርካዚት ሃሚፍራጽ ወደ ሃይፋ ሲሄዱ የሚያገኟቸው ጣቢያዎች በቅደም ተከተል ሃይፋ ሜርካዝ ሃሽሞና፣ ባት ጋሊምና ሆፍ ሃካርሜል ናቸው። ሃሽሞና ማለት «ስምንቱ» ማለት ነው፤ ጣቢያው በዚህ ስም የተጠራው በጁላይ 2006 በሃይፋ የባቡር ጋራዥ ላይ በወደቀ ሮኬት ለሞቱት ስምንት የባቡር ሠራተኞች መታሰቢያ ነው። ራምባም ሆስፒታል የሚሠሩ ወይም ለሕክምና የሚሄዱ ሰዎች የሚወርዱት ባት ጋሊም ነው። ማታም የሚሠሩ ደግሞ ሆፍ ሃካርሜል ይወርዳሉ።

በ2016 የተከፈተው የዒሜክ ባቡር ዮክነዓም–ክፋር ይሆሹዓን፣ ሚግዳል ሃዔሜክ–ክፋር ባሩክንና አፉላን አልፎ ቤት ሼአን ይደርሳል። አፉላ ዘመድ ለሌለው ሰው እንኳ፣ የማኅበረሰባችን ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ለሠርግም ለለቅሶም መንገዱ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሜርካዚት ሃሚፍራጽ ወደ ናሃሪያ፣ ወደ ካርሚኤልና ወደ ቤት ሼአን የሚሄዱ ባቡሮች መጀመሪያ ላይ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚነሱት። ባቡር መጣ ተብሎ ብቻ አይሳፈሩም። በሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን ጣቢያ ስምና የመድረኩን (የረጺፉን) ቁጥር ያንብቡ፤ ዕብራይስጥ ማንበብ ካልቻሉ የሚሄዱበትን ከተማ ስም ለጣቢያው ሠራተኛ ይንገሩት። በስሕተት ሌላ ባቡር ላይ ቢወጡ አይደናገጡ፤ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው ሠራተኛ ይጠይቁ።

«ሁለት ሰዓት» የትኛው ሁለት ሰዓት ነው?

በቤታችን ብዙ ቀጠሮ የሚያበላሸው ሰዓት አቆጣጠር ነው። ልጅ በዕብራይስጥ አስቦ «ሁለት ሰዓት ላይ ባቡር አለ» ይላል፤ እናት ግን በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣቢያ ትገኛለች። የባቡሩ ሰሌዳ በ24 ሰዓት የተጻፈ ስለሆነ አንድ ጊዜ ስሌቱን ከያዙት አያሳስትም።

ከ07:00 እስከ 18:59 ድረስ ለተጻፈ ሰዓት 6 ይቀንሱ። 08:15 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። 14:15 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ከ19:00 በኋላ ለተጻፈ ሰዓት 18 ይቀንሱ፤ 20:15 ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላለው ደግሞ 6 ይጨምሩ፤ 05:40 ማለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። 08:15 እና 20:15 በአማርኛ ሁለቱም «2 ሰዓት ከ15» ስለሚባሉ፣ ለሽማግሌ ወላጅ ሲነግሩ «የጠዋቱ» ወይም «የማታው» ብሎ መጨመር ግድ ነው። የተሻለው ግን ሰዓቱን በቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ነው።

አርብ፣ ሰንበትና በዓል

ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባቡሩ በመደበኛ ሰሌዳው ይሄዳል። አርብ የባቡሩ ቁጥር ያንሳል፤ የመጨረሻው ባቡርም ሰንበት ከመግባቷ ከሰዓታት በፊት ይነሳል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣች በኋላ እንጂ ባቡር የለም።

ሰንበት የምትገባበትና የምትወጣበት ሰዓት ከወር ወር ይለያያል። በብርዱ ወራት፣ በዲሴምበር፣ ከ16:00 ጥቂት አለፍ ብሎ ትገባለች፤ በሙቀቱ ወራት፣ በጁን፣ ከ19:00 በኋላ ነው የምትገባው። የባቡሩም ሰሌዳ አብሮ ይለዋወጣል። በጁን ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያው ባቡር ሲነሳ ሌሊቱ እየተቃረበ ነው። ስለዚህ በዲሴምበር «ቅዳሜ ማታ በባቡር እደርሳለሁ» ብሎ የተቀበሉት ፈረቃ በጁን ላይደርሱበት ይችላሉ።

የበዓል ዋዜማ እንደ አርብ፣ በዓሉ ራሱ እንደ ሰንበት ይቆጠራል። የሮሽ ሃሻና በዓል ሁለት ቀን ስለሆነ ከሰንበት ጋር ከተያያዘ ሦስት ቀን ያለ ባቡር ሊያልፍ ይችላል። በዮም ኪፑር፣ በእኛ አጠራር በአስተስርዮ፣ የሕዝብ መጓጓዣ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። የስግድ በዓል ግን ባቡር የሚሠራበት ቀን ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ይጽሐቅ ናቮን ጣቢያ ለመድረስ መንገድ ላይ ባቡር መቀየር ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ሽማግሌዎችን የሚወስድ ሰው ለመቀየሪያ የሚበቃ ጊዜ ያስላ።

ሌላው ማወቅ ያለብን የሐዲድ ሥራ ነው። የባቡር ድርጅቱ መስመሮቹን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየርና ለማደስ አንዳንድ ጣቢያዎችን ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜም ይህን የሚያደርገው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ባለፈው ሳምንት የነበረ ባቡር በዚህ ሳምንት ላይኖር ስለሚችል፣ ከመውጣትዎ በፊት ማጣራት ይገባል።

ውል ከመፈረም በፊት

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስንቀርብ የምንጠይቀው ብዙውን ጊዜ የሰዓት ክፍያውን ብቻ ነው። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው፣ ማለትም በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ላይ ላለ ሰው፣ ይህ አይበቃም። የሚከተሉትን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ መብት ነው።

አንደኛ፣ አርብ ፈረቃው ስንት ሰዓት ያበቃል? የመጨረሻው ባቡር ከዚያ በፊት የሚነሳ ከሆነ በምን እመለሳለሁ? ሃይፋ ውስጥ በሰንበት የሚሄዱ አንዳንድ የአውቶቡስ መስመሮች አሉ፤ ነገር ግን ወደ ቤትዎ የሚያደርስ መሆኑን ሳያረጋግጡ በእሱ አይተማመኑ።

ሁለተኛ፣ አሠሪው ሃሳዓ፣ ማለትም የሠራተኛ ማመላለሻ፣ አለው ወይ? በምን ቀናትና በምን ሰዓት?

ሦስተኛ፣ የመጓጓዣ ክፍያው እንዴት ይሰላል? ወደ ሥራ ለመድረስ መጓጓዣ የሚያስፈልገው ሠራተኛ የነሲዖት ክፍያ የማግኘት መብት አለው። ክፍያው በሥራ ላይ ለተገኙበት ቀን ብቻ ሲሆን፣ የቀን ጣሪያ አለው፤ ወርኃዊ ካርድ የሚረክስ ከሆነ አሠሪው በዚያው ዋጋ ሊያሰላው ይችላል። አሠሪው በራሱ ወጪ የሚያመላልሰው ሠራተኛ ይህ ክፍያ የለውም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተመላለሰ ግን ግማሹ ይገባዋል። ባቡርና ሜትሮኒት ደርቦ ወጪው ከጣሪያው የሚበልጥበት ሰው፣ ልዩነቱ ከኪሱ እንደሚወጣ አስቀድሞ ቢያውቅ ደመወዙን በትክክል ያመዛዝናል።

ታሉሽ ሲመጣ የነሲዖት ክፍያው በራሱ መስመር ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ይህ ክፍያ ከዝቅተኛው ደመወዝ በላይ የሚታሰብ ነው እንጂ ዝቅተኛውን ደመወዝ ለመሙላት አይቆጠርም። በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግም ለሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 36 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። አርብ ማታ ሥራ ቦታ ቀርቶ ባቡር ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ዕረፍቱን በጣቢያ ላይ ጨረሰ ማለት ነው።

ካርድና ቅናሽ

የጉዞው ክፍያ በራቭ ካቭ ካርድ ወይም በስልክ መተግበሪያ ይፈጸማል። በባቡር ጣቢያ ሲገቡ ካርዱን በበሩ ላይ ያስነካሉ፤ ሲወጡም እንደገና ያስነካሉ። ዋጋው በርቀት ስለሚሰላ መውጫውን መዝለል አይገባም። ወርኃዊ ካርድ ሲገዙ «ባቡርን ይጨምራል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ዕድሜያቸው ለጡረታ የደረሰ አረጋውያን ቅናሽ አላቸው፤ ቅናሹ የሚሠራው ግን መብቱ፣ ፕሮፊል የሚባለው፣ በካርዱ ላይ ከተመዘገበ ብቻ ነው። አባትዎ ወይም እናትዎ ስም የሌለበት ካርድ ይዘው ከሆነ ሙሉ ዋጋ እየከፈሉ ሊሆን ይችላል። መታወቂያቸውን ይዘው ወደ ራቭ ካቭ አገልግሎት መስጫ ይውሰዷቸው። ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት በነፃ ይሳፈራሉ።

በጣቢያውና በባቡሩ ውስጥ

ጣቢያ መግቢያ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ስለዚህ ባቡሩ ከሚነሳበት ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ። ዕቃዎን ጥለው አይራቁ፤ ባለቤት የሌለው ቦርሳ ጣቢያውን ሁሉ ሊያስቆም ይችላል። መድረኩ ላይ ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ ይቁሙ። በር ሲከፈት የሚወርዱት ይቅደሙ፤ በር ሲዘጋ ደግሞ እጅ ወይም የሕፃን ጋሪ አያስገቡ። የሚቀጥለው ባቡር ይመጣል።

ለታላቅ መነሳት ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው፤ ልጆቻችን በባቡርም እንዳይረሱት እንምከራቸው። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ መቀመጫዎች አሉ። የተቀመጠው ወጣት ካላስተዋለ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል። ቦርሳ የሰው ቦታ አይይዝም። እሑድ ጠዋት ወታደሮች ወደ ጦር ሰፈር ሲመለሱ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ቤት ሲሄዱ ባቡሩ ይጨናነቃል። ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ሰው ከቻለ በእነዚያ ሰዓታት ባይጓዝ ይሻላል።

ስልክ ሲደወል ድምፅን ዝቅ ማድረግና በድምፅ ማጉያ አለማውራት ተገቢ ነው። በተለይ የለቅሶ መርዶ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ በሰው መሐል አይነገርም፤ «ስወርድ እደውላለሁ» ማለት ይበቃል። በባቡርም በመድረክም ማጨስ ክልክል ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚጓዝ ወይም ለመውጣት እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው አስቀድሞ ለባቡር ድርጅቱ ደውሎ ያሳውቅ። የእስራኤል ባቡር የመረጃ ስልክ *5770 ነው። የአውቶቡስና የሜትሮኒት መረጃ ደግሞ በ*8787 ይገኛል።

አዲስ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ሥራ በሌለዎት ቀን፣ ፈረቃው በሚጀምርበት ሰዓት፣ ከቤትዎ ተነስተው መንገዱን እስከ ሥራው በር ድረስ ይሂዱት። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጻፉ። ከዚያ የአርቡን የመጨረሻ ባቡርና የቅዳሜ ማታውን የመጀመሪያ ባቡር ሰዓት ከጎኑ ያስፍሩ። ያን ወረቀት ይዘው ወደ አሠሪው ይግቡ፤ ስለ ፈረቃው የሚነጋገሩት ያኔ ነው።