የመሪጌታው የመስሚያ መሣሪያ

ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተ ልሔም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በድጓ መምህርነት ሊመረቅ የሚሻ ደቀ መዝሙር መጽሐፉን ይዞ ወደዚያ ይወጣል። የዜማው ምልክት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይነገራል። ያም ሆኖ ተማሪው የሚቀጽለው ከመምህሩ አፍ ነው፤ ከምልክቶቹ ርክርኩን ከድፋቱ ቢያምታታ የሚያርመውም የመምህሩ ጆሮ ነው። የመሪጌታ ጆሮ ሲደክም ታዲያ ጉዳቱ ለጉባኤው ሁሉ ይተርፋል። በእርጅና አስቀድሞ የሚሸሸው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» መለየት ያቅታል።

ለዚህ የሚረዳው፣ ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው የመስሚያ መሣሪያ ድምፁን በማይክሮፎን ተቀብሎ ያጎላና በቀጭን ቱቦ በኩል፣ በጆሮው ልክ ወደተቀረጸው መሰኪያ ይልካል። ጠጋኝ በቅርብ በማይገኝበት ገጠር አንዴ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ መተኪያው ሩቅ ነው።

ካህን ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቅ የሚገባው ከጥምጥም ነው። ጨርቁ መሣሪያውን ከሸፈነው ያፏጫል፤ ሲፈታ ደግሞ አብሮ ይጎትተውና ሣር ላይ ይጥለዋል፤ ባለቤቱም ሲወድቅ አይሰማም። ጥምጥሙን ከጆሮ ከፍ አድርጎ መጠምጠም፣ መሣሪያውንም በቀጭን ክር ከቀሚሱ ኮሌታ ጋር ማያያዝ ይበጃል።

እርጥበትም ክፉ ነው። ጠበል ከመግባት በፊት መሣሪያው ይወልቃል። ክረምት ላይ ቱቦው ውስጥ ጠብታ ይቋጠራል፤ ያቺ ጠብታ ድምፁን ትዘጋለች። መሰኪያው ከመሣሪያው ተነጥሎ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይታጠባል፤ ቱቦው እፍ ተብሎ ይደርቃል። መሣሪያውን ራሱን ግን ውኃ ጨርሶ አይንካው። ምድጃ ዳር ማድረቅም ያበላሸዋል። ማታ የባትሪው ክዳን ተከፍቶ፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ እንደምትገኘው ያለች እርጥበት መጣጭ ከረጢት ካለችበት፣ በደንብ ከሚገጠም ዕቃ ውስጥ ይደር። የሽማግሌ ዐይንና ጣት ለዚህ ስለሚቸገር፣ ሥራውን ለአንድ ታማኝ ደቀ መዝሙር ማስለመድ የሚሻል ይመስለኛል።

ብዙዎቹ የመስሚያ መሣሪያ ትናንሽ ባትሪዎች በአየር የሚሠሩ የዚንክ ባትሪዎች ናቸው። በላያቸው ያለችው ተለጣፊ ከተላጠች መልሶ መለጠፍ ስለማያቆማቸው፣ ሳይፈለጉ አይላጡ። ያለቁትንም ሕፃን እንዳያገኛቸው ማራቅ ነው፤ ጉሮሮ ሊያቆስሉ ስለሚችሉ፣ የዋጠ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።